ዋሽንት ብቻ ነው፣ ግጥም የለውም፤ እማማ ለምን አለቀሱ?

ባለባጃጁ (ባሕር ዳር)፣ ሰኞ ማታ 3፡10

እንዴት ዋላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎኛል። ከመሃላችሁ የሚያውቅ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።

ባጃጅ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ አንዲት እናት ጫንኩ። ሰባውን ሳያልፉ አይቀሩም። ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው «ሽምብጥ አድርሰኝ ልጄ» አሉ። ባጃጇ ላይ ፍላሽ ሰክቻለሁ። ጓደኛዬ ነው የሞላልኝ፣ የግማሹን ዘፈን ስም እንኳ አላውቀውም። አንድ ሞቅ ያለ ጭፈራ አለቀና ዋሽንት መጣ። ዋሽንት ብቻ። ከበሮ የለ፣ ክራር የለ፣ የሚዘፍን ሰው የለ።

ትንሽ እንደሄድን «አጥፋልኝ ልጄ» አሉኝ። እጄን ስዘረጋ ደግሞ «ተወው፣ ተወው» አሉ። በመስታወት ሳያቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ምን ይባላል? ዝም ብዬ ነዳሁ። ሲደርሱ ሂሳባቸውን ከፈሉ፣ መርቀውኝ ገቡ።

ግጥም ቢኖረው ይገባኝ ነበር። ስለ እናት ነው፣ ስለ ሞተ ሰው ነው እል ነበር። ይሄ ግን አንድ ቃል የለውም። ታዲያ ምን ነገራቸው? ደግሞ እኔንም ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎኝ ነበር። እኔ እኮ የዚያን ቀን ሥራው ቀንቶኛል፣ የሚያስለቅስ ነገር የለብኝም።

ሽሮ ፈሰስ፣ ማታ 3፡22

አንተን ያነቀህ የነዳጅ ዋጋ ነው ወንድሜ።

ክራር መምህር፣ ማታ 3፡40

ቀልዱን እንተወውና ጥሩ ጥያቄ ነው። ለምን ቅጂውን አትለጥፈውም? ቅኝቱን ሳልሰማ መናገር ይከብደኛል። የኛ ሙዚቃ አራት ዋና ቅኝቶች እንዳሉት ታውቃለህ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ግን አንዱ ቅኝት ያስተክዝሃል፣ ሌላው ያስነሳሃል። ክራር ሳስተምር አዲስ ተማሪ ገና ሲቃኝ፣ ምንም ሳይጫወት፣ ክሩን ወደ አምባሰል ሲያዞረው ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ።

ባለባጃጁ፣ ማታ 3፡58

ቅኝት እንኳ አልለይም መምህር። አንድ ደቂቃ ያህሉን ቆርጬ ለጥፌዋለሁ፣ ስማው።

ክራር መምህር፣ ማታ 4፡05

ሰማሁት። ትዝታ ነው። ማይነሩ ሳይሆን ትዝታ ሜጀር የምንለው። ፒያኖ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። በቃ መልሱ እሱ ነው። ስሙ ራሱ ትዝታ ነው። እማማ ትዝ ያላቸው ነገር ነበር።

ቶማስ ነኝ ሳላይ አላምንም፣ ማታ 4፡31

መምህር ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው። አምና አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ያንኑ ትዝታ ሜጀር በስልኬ ከፈትኩለት። ክራር ነበር። «ምን ይሰማሃል?» አልኩት። «ደስ ይላል፣ የልጆች መዝሙር ይመስላል» አለኝ! እኔ ትዝታ ውስጥ ገብቼ ቀረሶው በርዶብኛል፣ ሰውዬው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይበላል።

አየህ፣ ድምፁ ውስጥ ኀዘን የለም። እነዚያው አምስት ድምፆች ሌላ አገር የልጆች ጨዋታ ናቸው። ኀዘኑን የምናስገባው እኛ ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ ሬዲዮ ላይ፣ ጠጅ ቤት፣ የአጎታችን ሽኝት ላይ ሰምተነዋል። ሙዚቃው መስቀያ ነው፣ ልብሱን የሰቀልነው እኛ።

ክራር መምህር፣ ማታ 4፡44

ክራሩ በምን ፍጥነት ነበር የሚመታው?

ቶማስ ነኝ ሳላይ አላምንም፣ ማታ 4፡46

ፈጠን ያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ለጭፈራ የሚሆን ነው።

ክራር መምህር፣ ማታ 4፡47

በል እንግዲህ።

የአዝማሪ ልጅ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ሌሊቱን ሙሉ አነበብኳችሁ። እኔ ቅኝት በትምህርት ቤት አልተማርኩም። አባቴ ማሲንቆ መቺ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ። ጣት የሚያርፍበት የተከፈለ ቦታ የለውም። ስለዚህ ጣትህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ እየተንሸራተተ ነው። ልክ ሰው ሲያለቅስ ድምፁ እንደሚንሸራተተው። ፒያኖ ላይ ይሄን ልታደርገው አትችልም፣ ቁልፎቹ መሃል ባዶ ነው። ቶማስ፣ ፈረንጅህ የሰማው አምስቱን ድምፅ ብቻ ነው። በድምፆቹ መሃል ያለው አምልጦታል።

አንድ ማታ ልጅ ሆኜ አባቴ በሚሠራበት ቤት ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዉ ይስቃል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አባቴ ይቀበላል። ጥቁር የለበሰች ሴት ከሁለት ሰዎች ጋር ገባች። ጓደኞቿ ይሆናሉ፣ ሊያጽናኗት ያመጧት። አባቴ አያት። ግጥሙን አቆመ። ስሟን አልጠየቀ፣ ማን እንደሞተባት አልጠየቀ። መምቻውን ዝቅ አድርጎ በጣም በቀስታ ይጎትተው ጀመር። ቤቱ ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ምን ያህል እንደቆየ አላስታውስም። ሲጨርስ ሴትየዋ ተነስታ መጣች። ሌላው ሰው ብሩን ግንባሩ ላይ ነው የሚለጥፍለት። እሷ እጁን ገልጣ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ጣቶቹንም መልሳ ዘጋቻቸው።

ደግሞ ለማልቀስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጠጥቶ ግጥሙ ሲጠፋበትና ሲንተባተብ አባቴ መልስ አይሰጠውም። ማሲንቆውን ያንተባትበዋል። እዛው ላይ፣ ያለ አንድ ቃል፣ የሰውዬውን አነጋገር ቁርጥ አድርጎ ይመታዋል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰካራሙም ይስቃል።

ሽሮ ፈሰስ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

የመዳፉ ነገር ጠዋት ጠዋት ምን አደረግንህ ወንድሜ። ቁርሴን አስተወኝ።

የፉከራ ሰው፣ ማክሰኞ ረፋድ 4፡00

ሁላችሁም ለቅሶ ላይ ናችሁ። ነፍሱን ይማርና ጌታቸው መኩሪያን የሰማ አለ? ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን። ቃል የለም። «ዘራፍ» የሚል የለም። ግን ሳክሱ ይፎክራል፣ ይሸልላል፣ ትንፋሹን ይዞ ይዞ ይለቀዋል። ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። እግሬ ራሱ ይነሳል። ሳክስፎን የጎጃም ዕቃ አይደለም፣ ግን አያቴ ቢሰሙት ጋሻ ይፈልጉ ነበር።

የቆሎ ተማሪ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡20

በመጀመሪያ የማኅሌትን ነገር ከዘፈን ጋር እንዳላቀላቅል ይፈቀድልኝ። ሁለቱ ቦታቸው ለየብቻ ነው። ግን የባለባጃጁ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ስለነበረ ነው።

አያቴ ዘጌ ናቸው። ግእዝ አያውቁም። ማንበብም አልተማሩም። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆመው ዜማው አራራይ ላይ ሲደርስ ግን እንባቸው ይወርዳል። «እማ፣ ምን ይላል መሰለዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «እኔ ምን አውቅልህ፣ እሱ ያውቀዋል» አሉኝ።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ሦስት ዜማ አቆየልን፤ ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። የዜማውን ምልክቶች ስንማር ደግሞ መምህራችን ትርጓሜያቸውን ነገሩን። ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው። ርክርክ ላይ ድምፅህ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ብቻ ነበር የማንቀጠቅጠው። መምህሬ «ይህ ፍየል ነው» አሉኝ። ሁለት ወር ፍየል ሆኜ ከረምኩ።

የያሬድና የንጉሥ ገብረ መስቀልን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ ተመስጦ የጦሩን ጫፍ የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡም አላየ፣ ያሬድም አልተሰማው። ልጅ ሆኜ ስሰማ ያሬድ ብቻ ነበር የሚገርመኝ። አሁን ግን ንጉሡ ይገርመኛል። ያሬድ ዘማሪ ነው፣ ዜማው ውስጥ ነበር እንበል። ሰሚውስ?

ወለተ ማርያም፣ ማክሰኞ ቀን 8፡02

ወንድሜ፣ አትቀላቅሉ ብለህ ጀምረህ አንተው እዚህ ውይይት ላይ ያሬድን አመጣኸው። የቤተ ክርስቲያኑ ጸጋ ነው። የአዝማሪ ቤቱ ስሜት ነው።

የቆሎ ተማሪ፣ ማክሰኞ ቀን 8፡30

ልክ ነሽ እህቴ፣ አልከራከርም። እኔ ያልኩት አያቴ ቃሉን ሳያውቁት ያለቅሳሉ ነው።

ሌሊት ተረኛ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡15

ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል። አሁን ተረኛ ስለሆንኩ በአጭሩ።

ባለፈው አንዲት እናት ከአዊ መጣች። አማርኛዋ ትንሽ ነው። ልጇን በአገውኛ እሹሩሩ ትላለች። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ አምሽቷል። እናቱም ደክሟታል፣ እኛም ደክሞናል። የአዊዋ እናት ለራሷ ልጅ ስታዜም ያኛው ዝም አለ። አገውኛ አይችልም እኮ፣ ገና የሦስት ሳምንት ልጅ ነው። አማርኛም አይችልም!

በኋላ ስፈልግ በዚህ ላይ ጥናት መኖሩን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። ሕፃናትን በማያውቁት ቋንቋ፣ ከማያውቁት አገር የመጣ እሹሩሩ አሰሟቸው። ከሌሎች ዘፈኖች ይልቅ በእሹሩሩዎቹ የልብ ምታቸው ቀዝቀዝ አለ። ቶማስ፣ እነዚህ ልጆች ልብስ የሚሰቅሉበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ቶማስ ነኝ ሳላይ አላምንም፣ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ይሄ ጥሩ ምት ነው፣ እቀበላለሁ። እኔም በሐቀኝነት ሁለቱንም ወገን ላቅርብ።

ለእናንተ የሚያግዝ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ካሜሩን ተራራማ ቦታ ላይ የሚኖሩ ማፋ የሚባሉ ሰዎችን የምዕራባውያን ሙዚቃ አሰሟቸው። ያን ሙዚቃ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። የደስታ፣ የኀዘንና የፍርሃት የሆነውን በግምት ከሚገኘው በላይ ለዩት። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ለዩ።

ለእኔ የሚያግዝ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቦሊቪያ ጫካ ውስጥ ያሉ ቺማኔ የሚባሉ ሰዎች፣ እኛ «ተስማማ» እና «ተጋጨ» የምንላቸውን የድምፅ ጥምሮች እኩል ያምራሉ አሉ። ማለትም «ይሄ ጆሮ ይጎረብጣል» የምንለው ነገር ሁሉ የተፈጥሮ አይደለም። የኛን አንቺ ሆዬ ፈረንጅ ሲሰማ «ይሄ ዕቃ አልተቃኘም» ይላል። እኛ ደግሞ ልባችን ይቀልጣል።

ስለዚህ ግማሹን ልልቀቅ። ቀስ ማለት፣ ዝቅ ማለት፣ መንሸራተት የትም አገር የሰው ልጅ ሲያዝን የሚያደርገው ነው። ሰውነት ያውቀዋል። ቅኝቱ ግን የሰፈር ነው። በዚህ አቋሜ እጸናለሁ።

ባሕር ማዶ፣ ረቡዕ ሌሊት 7፡40

ከምኖርበት አገር ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱን አትዩብኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚህ ነው የተወለደችው፣ ባሕር ዳርን በፎቶ ነው የምታውቃት። ቅዳሜ ልብስ እየተኮስኩ ማሲንቆ ከፍቼ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመችና «አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ። «ማን?» አልኩ። ስልኩን አሳየችኝ። ዘፋኝ የለውም፣ ማሲንቆ ብቻ ነው። ሰው መስሏታል።

አንድ ሌላ ነገር። የአዝማሪው ልጅ ፒያኖ አይንሸራተትም ያልከው ልክ ነው። ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስማቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም 99 ዓመታቸው ላይ ያረፉት። ፒያኖ ነው፣ ቁልፎቹ መሃል ባዶ ነው። እሳቸው ግን ባዶዋን ቦታ ጠብቀው በትናንሽ ድምፆች እየነካኩ ያልፏታል። ማታ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እሰማቸዋለሁ። ማንንም አላስታውስም፣ ምንም አላስብም። የምወርድበትን ፌርማታ ግን ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ።

በገና ለጾም፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡10

በገናን የረሳችሁት ሁዳዴ ስላልሆነ ነው ብዬ ልለፋችሁ። በገና አሥር አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የሚሠራ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ እሷ ላይ ይርገበገባል። ንብ ቀፎ ውስጥ ያለ የሚመስለው ድምፅ የሷ ነው። እንዚራዋን አውጣና ደርድር፣ ድምፁ ይጠራል፣ ግን በገና አይሆንም። አንዴ አንዷ ወልቃ ሳላስተውል ደረደርኩ። አባቴ ከጓዳ «ምን ሆነብህ፣ ታመምክ?» ብለው ወጡ።

ግጥም አለው፣ ብዙው ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ነው። ግን በለሆሳስ ስለሚባል ራቅ ያለ ሰው አይሰማውም። የሚሰማው ንዝረቱ ነው። ለደርዳሪው ደግሞ በጆሮ ብቻ አይደለም። ዕቃው ሰውነትህን ተደግፎ ስለሚቆም ደረትህ ውስጥ ይገባል።

ቀርቀሃ፣ ረቡዕ ቀን 6፡35

እኔ ዋሽንት እነፋለሁ። ሁላችሁም ስለ ቅኝት ስትከራከሩ ባለባጃጁ የለጠፈውን ደቂቃ አምስት ጊዜ ሰማሁት።

የሚነፋው ሰው ባለሙያ አይደለም። ይቅርታ፣ ስድብ አይደለም። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያላት አንድ ዘንግ ናት፣ ሁሉ ነገሯ ትንፋሽ ነው። ጥሩ ነፊ የት ላይ አየር እንደሚስብ አስቀድሞ ያውቃል፣ ይደብቀዋል። ይሄኛው አይደብቅም። ማይኩም በጣም ቀርቦታል። ረጅሙን ድምፅ ሲይዘው መጨረሻ ላይ ይሳሳል፣ ሊቆረጥ ይደርሳል፣ ከዚያ «እህ» ብሎ አየር ሲስብ ይሰማል። ሦስት ቦታ ላይ። ድምፁ ገና ልጅ ይመስለኛል። ማን ነው?

ባለባጃጁ፣ ረቡዕ ቀን 7፡00

ጓደኛዬን ጠየቅኩት። እሱም ከሌላ ሰው ፍላሽ ነው የገለበጠው። ፋይሉ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው።

ክራር መምህር፣ ረቡዕ ቀን 7፡18

ቀርቀሃ፣ ደግሜ ሰማሁት። እውነትህን ነው። እኔ ቅኝቱን ስፈልግ ትንፋሹን አልሰማሁትም ነበር።

ባለባጃጁ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡25

አላመንኩም! እማማን ዛሬ መልሼ አገኘኋቸው። ያው ገበያ፣ ያው ዘንቢል። ከዚህ ሁሉ ንግግር በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገና ሳልነሳ «እማማ፣ ባለፈው ያ ዋሽንት የሆነ ነገር አስታወሰዎት እንዴ?» አልኳቸው። ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ።

«ምን ያስታውሰኛል» አሉኝ። «ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ነበር እኮ። አልሰማኸውም? ያን ረጅሙን ሲል አየሩ ያልቅበታል። እኔማ ቀስ በል፣ ልጄ ቀስ በል፣ ማን ይከተልሃል እያልኩ ነበር። ጨረሰው ስል ደግሞ ይነሳል።» ትንሽ ዝም አሉና «ሰው ማረፍ አለበት» አሉ።

ከዚያ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። አላመኑኝም። «አንተ ጋ ነው ያለው፣ እንዴት አታውቀውም?» አሉኝ።

ድጋሚ እንድከፍተው አዘዙኝ። ሽምብጥ ስንደርስ አላለቀም ነበር። «እስኪጨርስ ትንሽ ሂድ» አሉኝ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዝም ብዬ ነዳሁ። ሲያልቅ ከኋላ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ የእሳቸው ነው። ለተጨማሪው መንገድ ሂሳብ አልቀበልም ብል ብሩን መቀመጫው ላይ ጥለውልኝ ወረዱ።

ቶማስ፣ አሁን ይሄን የት ታስገባዋለህ?

ቶማስ ነኝ ሳላይ አላምንም፣ ቅዳሜ ማታ 2፡41

ሙሉውን ፋይል ላክልኝ።